የኒው ዮርኩ «የከዋክብት መልእክተኛ»፦ አንድ ፎርጅድ መጽሐፍ ሰባት ዓመት ሳይነቃበት የኖረው እንዴት ነው?

በ2005 ኒው ዮርክ የሚሠሩ የጥንት መጻሕፍት ነጋዴዎች አንድ ቀጭን የላቲን መጽሐፍ በ500,000 ዶላር ገዙ። (እዚህ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በርእሱ ገጽ ላይ «ዮ ጋሊሊዮ ጋሊሌይ ኤፍ.» የሚል የእጅ ጽሑፍ አለበት፤ «እኔ ጋሊሊዮ ጋሊሌይ ሠራሁት» ለማለት ነው። የመስፍኑ የፌዴሪኮ ቼሲ ቤተ መጻሕፍት ማኅተምም አርፎበታል። ቼሲ በ1603 ሮም ውስጥ የሊንቼይን አካዳሚ የተባለውን የሳይንስ ማኅበር የመሠረተ፣ በ1611 ጋሊሊዮን በአባልነት የተቀበለ ሰው ነው። ገጹ ሲገለጥ ደግሞ በሌሎች ቅጂዎች የጨረቃ ሥዕል በመዳብ ሰሌዳ በታተመባቸው አምስት ቦታዎች ላይ በቡናማ ቀለም በብሩሽ የተሣሉ አምስት ጨረቃዎች ይታያሉ።

መጽሐፉ ጋሊሊዮ በቴሌስኮፕ ያየውን በ1610 ያሳተመበት «ሲዴሬዩስ ኑንኪዩስ» ነው፤ «የከዋክብት መልእክተኛ» ብንለው ያስኬዳል። ተራው ቅጂ ራሱ ብርቅ ነው። ደራሲው የፈረመበት፣ የወዳጁ ማኅተም ያለበት፣ ደራሲው በገዛ እጁ ጨረቃን የሣለበት ቅጂ ከተገኘ ግን ዋጋው ሌላ ነው። 10 ሚሊዮን ዶላር ድረስ ተገመተ። በ2012 ከሽፋን እስከ ሽፋን ፎርጅድ መሆኑ ታወቀ። ፊርማው ብቻ ወይም ሥዕሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በሙያው የተለመደ ነበር። እዚህ ወረቀቱም ኅትመቱም ማኅተሙም አዲስ ነበሩ። በዚህ መካከል መጽሐፉ በርሊን ተወስዶ በኤክስሬይ ሳይቀር ተመርምሯል፤ ስለ እውነተኛነቱም ሁለት ትልልቅ ቅጾች ታትመዋል።

ጥያቄው አታላዩ ምን ያህል ጎበዝ ነበር የሚለው አይደለም። የቱ ምርመራ ለምን እንዳለፈው፣ የቱ ደግሞ ሳይደረግ እንደ ቀረ ማየቱ ይበልጥ ይጠቅማል።

እውነተኛው መጽሐፍ እንዴት ተሠራ

ጋሊሊዮ ወደ 20 እጥፍ በሚያጎላ ቴሌስኮፕ ጥር 7 ቀን 1610 ጁፒተር አጠገብ ሦስት ትንንሽ ኮከቦች አየ፤ ጥር 13 አራት ሆኑ። ከዚያ ሌት ሌት እየመዘገበ እስከ መጋቢት 2 ዘለቀ። መጽሐፉ ከቬኒስ ማተሚያ ቤት የወጣው መጋቢት 13 ነው። የመጨረሻው ምዝገባና የታተመው መጽሐፍ በአሥራ አንድ ቀን ብቻ ይለያያሉ ማለት ነው። አታሚው ቶማሶ ባልዮኒ የመጀመሪያዎቹን ገጾች እያተመ ሳለ ደራሲው የመጨረሻዎቹን ገና እየጻፈ ነበር።

ጥድፊያው በመጽሐፉ አካል ላይ ይነበባል። ጋሊሊዮ ኮከብ የመሰሉትን አዲሶቹን የጁፒተር ጨረቃዎች በመጀመሪያ ለቶስካናው ገዥ ለኮዚሞ ዳግማዊ ደ መዲቺ ክብር «ኮስሚካ» ብሏቸው ነበር። ከፍሎረንስ ቤተ መንግሥት «ለቤተሰቡ በሙሉ መዲቼያ ይባሉ» የሚል መልስ ሲመጣ አንደኛው ገጽ ታትሞ አልቋል። ስለዚህ በብዙ ቅጂዎች ላይ «መዲቼያ» የሚል ቁራጭ ወረቀት በስሕተቱ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ሌላም አለ። መጽሐፉ ቁጥር ያላቸው 28 ቅጠሎች ሲኖሩት መሐሉ ላይ ቁጥር የሌላቸው ሁለት ቅጠሎች ተሰክተዋል። በነሱ ላይ በዓይን የማይታዩት የኦሪዮንና የሌሎች ክምችቶች ከዋክብት በእንጨት ቅርጽ ታትመዋል። ለኦሪዮን መቀነትና ሰይፍ ብቻ 80 አዳዲስ ኮከቦች ተጨምረዋል። ቅጠሎቹ ዘግይተው የደረሱ መሆናቸውን ቁጥር አልባነታቸው ይናገራል።

ለጉዳያችን ዋናው ነገር ግን የጨረቃ ሥዕሎቹ ናቸው። የብረት ፊደልና የእንጨት ቅርጽ ቀለም የሚቀበሉት በከፍታቸው ስለሆነ አንድ ላይ፣ በአንድ ማተሚያ ይታተማሉ። የመዳብ ሰሌዳ ተቃራኒው ነው፤ ቀለሙ በተጫረው ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጥና ወረቀቱ በሁለት ጥቅልሎች መካከል በኃይል ተጨፍልቆ ያወጣዋል። ማሽኑ ሌላ፣ ሠራተኛውም ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው። ስለዚህ ጨረቃ ያለበት ሉህ ሁለት ጊዜ ይታተማል፦ መጀመሪያ ጽሑፉ ለሥዕል ባዶ ቦታ ትቶ ይወጣል፤ በኋላ ሉሁ እንደገና ረጥቦ ከመዳቡ ሥር ይገባል። አራት ሰሌዳዎች ነበሩ፤ አንዱ ሁለት ጊዜ ስለታተመ ሥዕሎቹ አምስት ሆኑ።

ከዚህ የተነሣ ሁለተኛውን ማተሚያ ሳያዩ የወጡ፣ ጨረቃቸው ባዶ የሆነ እውነተኛ ቅጂዎች አሉ። በጠቅላላ 550 ታትመው በሳምንት ውስጥ እንዳለቁ፣ ሊሰጡት ከነበሩት 30 ውስጥም የደረሱት ስድስት ብቻ እንደሆኑ ጋሊሊዮ ራሱ በመጋቢት 19 ደብዳቤው ጽፏል። ባዶ ቦታ ያላቸው ቅጂዎች መኖራቸው የታወቀ ሐቅ ነው። አታላዩ የገባው በዚህ በር ነው፤ ታሪክ ክፍት የተወውን ቦታ ሞላው።

«ፕሩፍ» የሚለው ስም

የበርሊኑ የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ ሆርስት ብሬደካምፕ ሥዕሎቹን አይቶ የጋሊሊዮ እጅ ናቸው አለ፤ በ2007 ባሳተመው መጽሐፍም ይህንን አስፍሯል። አባባሉ ከመሬት የተነሣ አልነበረም። ጋሊሊዮ መሣል ይችል ነበር፤ በፍሎረንስ ብሔራዊ ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት በቡናማ ቀለም የሣላቸው ጨረቃዎች እስከ ዛሬ አሉ። በዚህ መሠረት የኒው ዮርኩ ቅጂ ፕሩፍ ተባለ፤ ማተሚያ ቤቱ ለእርማት ያወጣውና ደራሲው የመዳብ ቀራጩ እንዲከተለው ጨረቃዎቹን የሣለበት ቅጂ ማለት ነው።

ችግሩ የጀመረው በዚህ ስም ነው። ፕሩፍ ከተራው ቅጂ መለየቱ የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ ከሌሎቹ በተለየ ቁጥር ልዩነቱ ጥርጣሬን ሳይሆን እምነትን ያጠነክር ጀመር። ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የርእሱ ገጽ ነው። በሌሎች ቅጂዎች «ፔሪዮዲስ» (ዙረቶች) የሚለው ቃል በኒው ዮርኩ ቅጂ «ፔፒዮዲስ» ይላል። ለጠርጣራ ሰው ይህ ደወል ነው። «ፕሩፍ ነው» ብሎ ለተነሣ ሰው ግን ፊደል ለቃሚው የሳተው፣ በኋላም የታረመ ስሕተት ነው፤ እንዲያውም ቅጂው ቀዳሚ ለመሆኑ ማስረጃ ይሆናል። እንዲህ የተያዘ ሐሳብ ሊፈርስ አይችልም፤ የሚቃወመውን ሁሉ ይበላዋል።

ያልተዋጠ ነገር ግን ነበረ። አንደኛው የጊዜው ነገር ነው። መጽሐፉ ሙሉ ነው፤ መጋቢት 12 የተጻፈው መታሰቢያ ሳይቀር አለበት። በማግስቱ ለሚወጣ መጽሐፍ የመዳብ ሰሌዳዎቹ ቀድመው ማለቅ ነበረባቸው። ታዲያ ለቀራጩ መመሪያ የሚሆን ሥዕል በተጠናቀቀ ኅትመት ላይ መሣሉ ምን ይፈይዳል? ሁለተኛውን ያነሣው የሃርቫርዱ የሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቅ ኦወን ጊንገሪች ነው። በ2009 ባሳተመው ጽሑፍ ሥዕሎቹ በቴሌስኮፕ ታይተው የተሣሉ ሳይሆን ከመዳቡ ኅትመት የተቀዱ ይመስላሉ ሲል ተከራከረ። ልዩነቱ በሙያው ቀላል ነው። ጨረቃን እያየ የሚሥል ሰው ካየው ብርሃን ይነሣል፤ ኅትመትን የሚቀዳ ሰው የቀራጩን ግነትና ስሕተት አብሮ ይቀዳል። ጊንገሪች በሥዕሎቹ ላይ ትክክል ነበር። ነገር ግን የሥዕሉ መውደቅ ብቻውን መጽሐፉን አይጥለውም። ባዶ ቦታ ባለው እውነተኛ ቅጂ ላይ ሌላ ሰው ዘግይቶ ሥሎ ሊሆን ይችላላ!

በርሊን ላይ የታየውና ያልታየው

ብሬደካምፕ የሰበሰበው ቡድን በወረቀት፣ በቀለምና በጥንታዊ ኅትመት ያሉ ሰዎችን የያዘ ነበር፤ የወረቀት ጥበቃ ባለሙያዋ ኢሬነ ብሩክለ፣ የቁሳቁስ ተመራማሪው ኦሊቨር ሃን፣ ከፕሪንስተን ደግሞ በጥንታዊ ኅትመት ጥናት አንቱ የተባለው ፖል ኒድሃም። ውጤታቸው በ2011 በሁለት ቅጽ ወጣ፤ እውነተኛ ነው አሉ።

ሰነፎች አልነበሩም። በየምርመራው ምን እንደ ሆነ እንይ።

ጥንታዊ ኅትመትን የሚያውቅ ሰው በመጀመሪያ የሚፈልገው ንክሻውን ነው። የብረት ፊደል በእርጥብ ወረቀት ላይ ሲጫን ይሰምጣል፤ በገጹ ላይ ብርሃን ከጎን ሲጣል የእያንዳንዱ ፊደል ጉድጓድ፣ በጀርባው በኩልም እብጠቱ ይታያል። በፎቶ የተባዛ ዘመናዊ ግልባጭ አብዛኛውን ጊዜ በኦፍሴት ስለሚታተም ዝርግ ነው፤ ጣት አይሰማውም። የኒው ዮርኩ ቅጂ ንክሻ ነበረው። ስለዚህ «በፎቶ የተሠራ ሊሆን አይችልም» ተባለ።

ስሕተቱ ያለው ፎቶና ንክሻ አብረው አይሄዱም በሚለው ግምት ላይ ነው። ፎቶፖሊመር የሚባል ሰሌዳ አለ። ብርሃን ሲነካው የሚጠነክር ፕላስቲክ ነው። የገጹ ምስል በኔጋቲቭ ፊልም ይዘጋጅና በሰሌዳው ላይ ተነጥፎ አልትራቫዮሌት ብርሃን ይበራበታል። ብርሃን ያገኘው ክፍል ይጠነክራል፤ ያላገኘው በውኃ ታጥቦ ይወጣል። የሚቀረው ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ከፍታ ያለው፣ ገጹን በሙሉ የያዘ አንድ ቅርጽ ነው። ይህን ሰሌዳ በእጅ ማተሚያ ላይ ማሰርና በእርጥብ ወረቀት ማተም ይቻላል፤ ወረቀቱን እንደ ብረት ፊደል ይነክሳል። የሠርግ ጥሪ በጥንቱ ዘዴ የሚያትሙ ትንንሽ ማተሚያ ቤቶች በየአገሩ የሚጠቀሙበት ዘዴ እንጂ ምሥጢር አይደለም። የጥንት መጻሕፍት ሊቃውንት ግን አዳዲስ የሠርግ ጥሪዎችን አይመረምሩም።

ሁለተኛው ፈተና የፊደሎቹ ማንነት ነው። 550ው ቅጂ የታተመው ከአንድ የፊደል ለቀማ ስለሆነ አንድ ገጽ ላይ እግሩ የተሰበረ ፊደል ካለ በሁሉም ቅጂ እዚያው ቦታ እግሩ ተሰብሮ ይገኛል። የኒው ዮርኩ ቅጂ ይህንንም አለፈ። ማለፉ አይገርምም፤ በፎቶ የተቀዳ ነገር የተሰበረውንም ሳይሰበር የቀረውንም ይዞ ይመጣል። ይህ ፈተና እንደ አዲስ የተለቀመ ሐሰተኛ ኅትመትን ይይዛል፤ በፎቶ የመጣውን ግን በባሕርዩ ሊይዝ አይችልም። ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄው መገልበጥ አለበት። «ፊደሉ ሁሉ አንድ ነው ወይ?» ሳይሆን «ፊደል ያልሆነ ነገር ታትሟል ወይ?» ነው የሚባለው። የቀለም ጠብታ፣ የወረቀት ጉድፍ፣ የፎቶ ማንሻው እንከን በምንጩ ገጽ ላይ ጥላ ብቻ ነበሩ። በፎቶፖሊመር ላይ ግን ቅርጽ ይሆናሉ፤ ቀለም ይቀበላሉ፤ ወረቀቱንም ይነክሳሉ። የወረቀት ጉድፍ ንክሻ ካለው ነገሩ አልቋል።

ሌላም ልዩነት አለ፤ ይህ የሚታየው በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ነው። የብረት ፊደሎች አንድ በአንድ የቆሙ ናቸው። አንዱ በፀጉር ያህል ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ይላል፤ አንዱ አዲስ፣ አንዱ ያረጀ ነው። ስለዚህ በአንድ መስመር ውስጥ ንክሻው ይለያያል። ፎቶፖሊመር አንድ ወጥ ገጽታ ስላለው ጥልቀቱም የተስተካከለ ነው። ነጠላ ቅጂ ይዞ ይህን መለየት ያስቸግራል። እውነተኛ ቅጂ ጎን ለጎን አስቀምጦ በአንድ መብራት ሥር ሲያዩት ግን ለጀማሪም አይጠፋም።

ሦስተኛው ወረቀቱ ነው። በ1610 የአውሮፓ ወረቀት የሚሠራው ከአሮጌ የበፍታና የሄምፕ ጨርቅ ነበር። ጨርቁ በስብሶ፣ ተደብድቦ፣ በሽቦ ወንፊት ይነሣል። ወረቀቱ ወደ ብርሃን ሲያዝ የወንፊቱ መስመሮችና የውኃ ምልክቱ ይታያሉ፤ እንዲህ ባለ ሁለቴ የታጠፈ ሉህ መጽሐፍ ላይ ወፍራሞቹ መስመሮች አግድም ይተኛሉ፣ ምልክቱ ወደ ስፌቱ ይገባል። እነዚህ ሁሉ ዛሬም በእጅ ወረቀት የሚሠራ ሰው ሊያወጣቸው የሚችላቸው ናቸው፤ ወንፊቱን ያሠራ ሰው መስመሩንም አሠራ ማለት ነው። ክሩን ግን ማሠራት ከባድ ነው። በኋላ በተደረገው ምርመራ ወረቀቱ ውስጥ የጥጥ ሊንተር ተገኘ። ሊንተር ረጅሙ ጥጥ ከተፈለቀቀ በኋላ ፍሬው ላይ የሚቀረው አጭር ጭገር ነው፤ በፋብሪካ ተላጭቶ ለወረቀት መዋል የጀመረው ከጋሊሊዮ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው።

ታዲያ በመጀመሪያው ምርመራ ለምን አልታየም? ክር ለማየት ናሙና መንቀል ያስፈልጋል። የ10 ሚሊዮን ዶላር መጽሐፍ ላይ መርፌ ማሳረፍ ማንም አይወድም፤ ስለዚህ ሳይነኩ የሚደረጉ ምርመራዎች ተመረጡ። ኤክስሬይ የቀለሙን ብረትና መዳብ ይናገራል እንጂ የወረቀቱን ክር አያሳይም። እዚህ ላይ ፍርዳችንን ሳንሸሽግ እናስቀምጥ፦ የተመረጡት ምርመራዎች መጽሐፉን የሚጠብቁ እንጂ የሚፈትኑ አልነበሩም። በወረቀት ሥራ የምትፈለገው ናሙና በዓይን የማትታይ ናት፤ ከስፌቱ ጥግ በመርፌ ጫፍ ተጭራ በአንድ ጠብታ ውኃ መስተዋት ላይ ትበተናለች።

ናሙናው ተወስዶም የሚሳሳት ይሳሳታል። ላቦራቶሪዎች በብዛት የሚጠቀሙበት የሄርዝበርግ ቀለም (አዮዲንና ዚንክ ክሎራይድ) የጨርቅን ክር ወይን ጠጅ፣ በኬሚካል የተሠራ የእንጨት ክርን ወደ ሰማያዊ፣ የተፈጨ እንጨትን ቢጫ ያደርጋል። ሊንተርም ጥጥ ነውና ወይን ጠጅ ይሆናል። ቀለሙን ብቻ አይቶ «ጨርቅ ነው፣ ደኅና ነው» የሚል ሰው ተሸወደ። ቅርጹን ነው ማየት። የበፍታ ክር እንደ ሸምበቆ አንጓ አንጓ አለው፤ የጥጥ ክር ዝርግና የተጠማዘዘ ጥብጣብ ይመስላል። ሊንተር ደግሞ አጭርና ወፍራም፣ ለብሶና ታጥቦ ያላለቀ፣ ጫፉ ያልተሰነጠቀ ነው። አንድ ሁለት የጥጥ ክር ከአቧራ ወይም ከጓንት ሊመጣ ስለሚችል ከሦስት የተለያዩ ቅጠሎች መውሰድ ያስፈልጋል።

ማኅተሙ

ነገሩን የፈታው ላቦራቶሪ አልነበረም። አትላንታ በሚገኘው የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር የነበረው ኒክ ዋይልዲንግ ሁለቱን ቅጾች እንዲገመግም ተሰጠው። የጋሊሊዮን ዘመን ሰነዶች ሲያገላብጥ የኖረ ሰው ስለሆነ የቼሲን ማኅተም በእውነተኛ መጻሕፍት ላይ ያውቀዋል። በፎቶው ላይ ያየው ማኅተም አልገጠመለትም።

ማኅተም መመርመር ደረቅ ሥራ ነው፤ ጥቅሙም እዚያው ላይ ነው። ከአንድ የማኅተም ብረት የወጡ ምልክቶች በቀለም ብዛት ይለያዩ ይሆናል፤ በልኬትና በፊደል አቀማመጥ ግን አይለያዩም። ስለዚህ በተለያዩ መጻሕፍት ላይ ያሉትን ምልክቶች ከሚሊ ሜትር ማስመሪያ ጋር ፎቶ አንሥቶ መደራረብ ነው። የማይገጥም ከሆነ ወይ ሁለተኛ ብረት ነበረ፣ ወይ ምልክቱ ሐሰት ነው። ሁለተኛ ብረት ነበረ የሚል ሰው ከዚያ የወጣ ሌላ ምሳሌ ማምጣት አለበት።

ደግሞም አንድ ሰው ንጹሕ መጽሐፍ ይዞ የሐሰት ማኅተም የሚጨምርበት ምክንያት ካለው ሌላውንም ይጨምራል። ዋይልዲንግ ከማኅተሙ ወደ ርእሱ ገጽ ሄደ፤ ከዚያም መጽሐፉን ወደ ሸጠው ሰው። ያገኘውን ለኒድሃም ጻፈለት። ኒድሃም በመጀመሪያ ተከራከረ፤ በኋላ እንደገና ከእውነተኛ ቅጂዎች ጋር ሲያስተያየው ሐሳቡን ለወጠ። በሰኔ 2012 ሐሰተኛነቱ ተረጋገጠ። የኅትመቱ ምንጭ ጋሊሊዮ የተወለደበት 400ኛ ዓመት ሲከበር በ1964 ጣሊያን ውስጥ የወጣ የፎቶ ግልባጭ ሆኖ ተገኘ። የግልባጩ እንከኖች በኒው ዮርኩ ቅጂ ላይ ቀለም ተቀብተው ቆመው ነበር።

ሻጩ

መጽሐፉን ለገበያ ያመጣው ማሪኖ ማሲሞ ዴ ካሮ የሚባል ጣሊያናዊ ነው። የመጽሐፍ ነጋዴ የነበረ፣ በኋላ የባህል ሚኒስትሩ አማካሪ የሆነ፣ ከሰኔ 2011 ጀምሮ ደግሞ ኔፕልስ የሚገኘው ጥንታዊው የጂሮላሚኒ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የተደረገ ሰው። በመጋቢት 2012 የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቁ ቶማዞ ሞንታናሪ የቤተ መጻሕፍቱን ይዞታ አይቶ በጋዜጣ ጮኸ። በሚያዝያ ቤተ መጻሕፍቱ ታሸገ፤ ግንቦት 24 ዴ ካሮ ታሰረ። ከአንድ ሺህ በላይ መጻሕፍት ቬሮና ውስጥ ባለ ማከማቻ ተገኙ። በመጋቢት 2013 ሰባት ዓመት ተፈረደበት። ጋሊሊዮውን ፎርጅድ አድርጎ ያሠራው እሱ መሆኑንም ለጋዜጠኛ ሳይደብቅ ተናግሯል። በ1606 ፓዱቫ ውስጥ 60 ቅጂ ብቻ የታተመውን የጋሊሊዮን የኮምፓስ መመሪያም አስመስሎ አሠርቷል።

ስለ ሰውዬው ብዙ ተጽፏል። ለመጽሐፍ ሥራ የሚጠቅመው ግን አንድ ነጥብ ነው። ዴ ካሮ ወደ ቤተ መጻሕፍት መግቢያ ነበረው። እንዲህ ያለ ሰው መጽሐፍ ማውጣት ብቻ ሳይሆን ማስገባትም ይችላል፤ እውነተኛውን ወስዶ ፎርጅዱን በቦታው ሊተክል ይችላል። ስለዚህ ለማስተያያ የሚወሰደው «እውነተኛ» ቅጂ ራሱ ከሰውዬው እጅ ርቆ የኖረ መሆን አለበት፤ አንድ ሳይሆን ቢያንስ ሦስት፣ ከተለያዩ አገሮች ቢሆን ይሻላል።

ሌላ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ቢመጣ

ከዚህ ጉዳይ በኋላ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው የሚሻለው። ዓይን የሚስበውን ነገር፣ ሥዕሉንና ፊርማውን፣ መጨረሻ ላይ ማየት፤ ሸፍኖ መጀመር ቢቻል እንዲያውም ጥሩ።

ባለቤቶቹን ወደ ኋላ መቁጠር ይቀድማል። የኒው ዮርኩ ቅጂ ከ2005 በፊት በማንም ካታሎግ፣ በማንም የጨረታ ዝርዝር አይታወቅም ነበር። አራት መቶ ዓመት ሙሉ ማንም ያልጠቀሰው፣ ደራሲው የፈረመበት ቅጂ ሊኖር ይችላል፤ ግን የማስረዳቱ ሸክም በሻጩ ላይ ይሆናል። ከዚያ ቅጠል መቁጠር፦ 28 ሲደመር 2፣ የተሰኩት ሁለቱ የት ላይ ናቸው፣ «መዲቼያ» የሚለው ቁራጭ ተለጥፏል ወይስ ታትሟል? ጣትና የጎን መብራት ይህን በደቂቃ ይመልሳሉ። ቀጥሎ ጨለማ ክፍል ውስጥ አልትራቫዮሌት መብራት። ከሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ የተለመዱት የወረቀት ማንጫ ኬሚካሎች ሰማያዊ ሆነው ይበራሉ። አለመብራታቸው ግን ምንም አያረጋግጥም፤ የሚያውቅ አታላይ ማንጫ የሌለው ወረቀት ነው የሚያሠራው።

ከዚያ አንድ ገጽ መርጦ ከሦስቱ ማስተያያ ቅጂዎች ጋር በአንድ መብራት፣ በአንድ ርቀት ፎቶ አንሥቶ በኮምፒውተር መደራረብ። ወረቀቱ ረጥቦ ታትሞ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ሙሉ ለሙሉ አይገጥምም፤ አይግጠምም። የሚፈለገው በአንዱ ላይ ብቻ ያለ ነጥብ ነው። ያ ነጥብ ከተገኘ ወደ ማጉሊያው መመለስና ነክሷል ወይስ አልነከሰም ብሎ መጠየቅ። እዚህ ድረስ የወጣው ገንዘብ ከቁጥር የማይገባ ነው። የክር ናሙናው የሚከተለው ከዚህ ነው፤ ባለቤቱ ናሙና ከከለከለ ሪፖርቱ ላይ «ወረቀቱ አልተመረመረም» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። «ለዘመኑ የሚስማማ» የሚለው ሐረግ ብዙ ቤት አፍርሷል።

የውኃ ምልክት ብቻውን ሥራ የሚጨርስበት ጊዜም አለ። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የጁፒተርን ጨረቃዎች ምዝገባ የያዘ የጋሊሊዮ የእጅ ጽሑፍ አለኝ ሲል ከ1938 ጀምሮ ቆይቷል። ያው ዋይልዲንግ በ2022 ወረቀቱ ላይ ያለውን «ቢ ኤም ኦ» የሚል ምልክት ተከታተለ። ፊደሎቹ የቤርጋሞ ከተማን ያመለክታሉ፤ ምልክቱ ግን ከ1770 በፊት በየትኛውም ሰነድ ላይ አይገኝም። ዩኒቨርሲቲው በነሐሴ ወር ጽሑፉ የሃያኛው መቶ ዓመት ፎርጅድ መሆኑን አሳወቀ፤ እጁም ሚላኖ ውስጥ በማጭበርበር ተፈርዶበት የነበረው የቶቢያ ኒኮትራ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። እዚህ መርፌ አላስፈለገም፤ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ማንሣት በቂ ነበር።

የበርሊኑ ቡድን በ2014 ሦስተኛ ቅጽ አወጣ፤ እንዴት እንደ ተሳሳተ ራሱ ጻፈ። ሊቃውንት እንዲህ በአደባባይ ሲያደርጉ ብዙ አይታይም። ሦስቱ ቅጾች ዛሬ በየቤተ መጻሕፍቱ ጎን ለጎን ተደርድረው ይገኛሉ። የ2011ዱን የሚያነብ ሰው ስለ ኒው ዮርኩ ቅጂ የተባለውን ሁሉ ይዝለለው። ሌሎቹ ቅጂዎች በባልዮኒ ማተሚያ ቤት በምን ቅደም ተከተል እንደ ታተሙ ኒድሃም ያሰፈረው ግን አሁንም ይሠራል፤ የትኛው ሉህ መቼ እንደ ወጣ ለማወቅ ከሱ የተሻለ የለም።